ከቆላ ታሞ የተመለሰን ሰው ማስታመም፦ ምርመራው፣ መርፌው፣ ምግቡና ቫይታሚኑ በየተራቸው

ለሰሊጥ አረም ወይም ለአጨዳ ወደ ቋራና መተማ የወረደ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል ከወራት በኋላ ከስቶና ገርጥቶ፣ የግራ ጎኑ ተነፍቶ ይመለሳል። ትኩሳቱ ማታ ማታ ይነሳበታል፤ ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያየው መክሳቱን ነውና መጀመሪያ የሚገዛውም የክሳት መፍትሔ ይሆናል፦ ቀይ የቫይታሚን መርፌ፣ ግሉኮስ፣ «ምግብ ያስበላል» የተባለ ክኒን። ፍየል ተሸጦ የመጣው ብር እዚያው ያልቃል። ሰውየው ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው ብሩ ካለቀ፣ ጉልበቱም ከከዳው በኋላ ነው።

በዚህ ቆላ እንዲህ ያለ መልክ ይዞ የሚመጣው፣ ካልታከመ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚገድለው በሽታ ካላዛር ነው። መነሻው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ያነሰ፣ ሲበር ድምፁ የማይሰማ ነፍሳት ሲሆን ቀን በጥቁር ዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ፣ በግራርና በበደኖ ዛፍ አካባቢ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል። ሰው ከተነከሰ በኋላ ሕመሙ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። በመስከረም ሰሊጥ ሲያጭድ የተነከሰ ሰው በጥር ወይም በየካቲት አገሩ፣ በለሳ ወይም ደንቢያ ገብቶ ሊታመም ይችላል ማለት ነው። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ቆላ ወርዶ እንደነበር ካልተነገረው ካላዛርን ላያስበው ይችላል።

ይህን የምጽፈው ለአስታማሚው ነው። ቫይታሚንም፣ ምግብም በዚህ በሽታ ውስጥ ቦታ አላቸው፤ ችግሩ ተራቸው ሲዛባ ነው። መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ ተውሳኩን የሚገድለው መድኃኒት፣ ከዚያ ጎን በልክ የሚሰጥ ምግብ፣ ቫይታሚንና ብረት ደግሞ በሰዓታቸው።

ከመጀመርዎ በፊት የሙቀት መለኪያ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ቁመት የሚለኩበት ሜትርና ሚዛን ያዘጋጁ። ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ከሌለ በጤና ኬላው መመዘን ይቻላል፤ የእህል ሚዛንም ቢሆን፣ በየጊዜው በዚያው ሚዛን እስከመዘኑ ድረስ ያገለግላል።

1. ትኩሳቱን በቀን ቁጥር ይያዙ

የመጀመሪያው ሥራዎ መጻፍ ነው። ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ከ37.5 በላይ የሆነበትን ቀን ሁሉ ይመዝግቡ። ትኩሳት ማስታገሻ ከወሰደ ከመውሰዱ በፊት ይለኩት፤ ከወሰደ በኋላ የሚለካው ያሳስታል። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ትኩሳት ከክሳት ወይም ከጣፊያ ማበጥ ጋር ሲመጣ፣ ሰውየውም በዚህ ቆላ አድሮ ከነበረ፣ ካላዛር እስኪመረመር ድረስ ሌላ ነገር ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም። አሳሳቹ ነገር ትኩሳቱ መሄዱና መመለሱ ነው። ታማሚው ቀን ሲራመድ፣ ሲጫወት ይውልና «ተሽሎታል» ይባላል፤ ማታ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ያለ ጽሑፍ ይህን ለሐኪም በትክክል መንገር አይቻልም።

በግራ የጎድን አጥንት ሥር ያለውን እብጠት አይሹት፤ በጋለ ብረት አያስተኩሱት፣ በምላጭም አያስበጡት። ያበጠ ጣፊያ በቀላሉ ይጎዳል። በዚህ በሽታ ደም የሚያረጉት ህዋሳት ስለሚያንሱ ትንሽ ቁስል ብዙ ሊደማ ይችላል፤ የአፍንጫ ነስር የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ሰውየው ለምን እንደሚከሳ ማወቅ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ያቀልልዎታል። ተውሳኩ የሚገባው ሰውነትን ሊጠብቁ በተሰማሩት የመከላከያ ህዋሳት ውስጥ ነው፤ እዚያው በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ይራባል። የተቀሩት ህዋሳት ይህን ሲያውቁ እርዳታ የሚጠሩ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃሉ። ይህ ሰውነትን በሙሉ የሚያስቆጣ ሁኔታ ነው ብግነት የሚባለው። ኬሚካሎቹ አንጎል ሲደርሱ ትኩሳት ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ጡንቻው እየፈረሰ ለነዳጅነት ይውላል። ጉበት ለድንገተኛው ጦርነት የሚሆኑ ፕሮቲኖችን ለመሥራት ሲል አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን መሥራቱን ይቀንሳል፤ እግር የሚያብጠው በዚህም ምክንያት ነው። እንግዲህ ምግብ እምቢ ያለው ልጅዎ እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ «ብላ» እያሉ መቆጣት ለሁለታችሁም ድካም ብቻ ነው። ብግነቱ የሚበርደው ተውሳኩ ሲሞት ነው።

2. ከመመርመሩ በፊት መርፌና «የሚያወፍር» ክኒን አይግዙ

በዚህ ደረጃ የሚሠራ ስህተት ሌሎቹን ሁሉ ስለሚያበላሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

በመጀመሪያ ዴክሳሜታዞን ነው፤ ሰው በአጭሩ «ዴክሳ» የሚለው። ከእሱ ጋር ፕሬድኒሶሎንን ይደምሩ። ሁለቱም የኮርቲሶል ዘመዶች ናቸው። ኮርቲሶል ከኩላሊት በላይ ካሉ ትናንሽ እጢዎች የሚወጣ ሆርሞን ሲሆን ሰውነት በጭንቅ ጊዜ ስኳር ወደ ደም እንዲለቀቅ፣ ብግነትም ከልክ እንዳያልፍ ያደርጋል። በከባድ ሕመም ጊዜ ሰውነት ራሱ ብዙ ኮርቲሶል ያመነጫል። ዴክሳ የተሰጠው ታማሚ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ይበላል፣ ፊቱ ይሞላል። ቤተሰብ ደስ ይለዋል። በዚያው ጊዜ ግን ተውሳኩን ሲታገሉ የነበሩት የመከላከያ ህዋሳት እጃቸው ታስሯል፤ ተውሳኩ ያለ ከልካይ ይራባል። የሞላው ፊትም ጡንቻ አይደለም፤ ውሃና በፊት ላይ የተከማቸ ስብ ነው፤ የእጅና የእግሩ ጡንቻ በተቃራኒው ይሟሟል። ሳንባ ነቀርሳ ተደብቆ ከነበረም ሊነሳ ይችላል።

«ታዲያ በኮሮና ጊዜ ዴክሳ ሰው አድኖ የለም ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ትክክል ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በብሪታንያ ሪከቨሪ በተባለው ትልቅ ጥናት ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት የኮሮና ሕሙማን መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። በዚያው ጥናት ግን ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሕሙማን ምንም አልጠቀመም። የረዳውም በዚያ ደረጃ ሳንባን ያበላሸው የሰውነት የራሱ ብግነት ስለነበረ ነው። በካላዛር ገዳዩ ተውሳኩ ገና በሕይወት አለ።

ታማሚው ዴክሳ ወይም ፕሬድኒሶሎን ቀድሞ ጀምሮ ከሆነ ስሙንና ስንት ቀን እንደወሰደ ይጻፉ፤ ክኒኑንም ይዘው ይሂዱ። ለሳምንታት ከወሰደው በራስዎ ውሳኔ ባንድ ቀን አያስቁሙት። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ የከረመባቸው እጢዎች ሥራቸውን ትተው ስለሚቆዩ ድንገት ሲቋረጥ የደም ግፊት ወርዶ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ሐኪም በመጠን እየቀነሰ ያስቆመዋል።

ቀዩ የቢ12 መርፌና ቢ ኮምፕሌክስ እንደ ዴክሳ አደገኛ አይደሉም፤ ቢ12 ለጎደለው ሰው እውነተኛ መድኃኒት ነው። የዚህ ሰው ደም ያነሰው ግን ጣፊያው የደም ህዋሳትን እያፈረሰ፣ መቅኔውም በተውሳክ ተይዞ ነው። ሽንቱ ደማቅ ቢጫ መሆኑ መድኃኒቱ «እየሠራ» መሆኑን አያሳይም፤ ትርፉ ቢ2 በሽንት መውጣቱ ነው። ግሉኮስ በደም ሥር መስጠት ደግሞ እጅግ ለከሳ ሰው አደጋ አለው፤ ምክንያቱን በደረጃ 5 ያገኙታል።

ለሕመምና ለትኩሳት ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና የዳይክሎፌናክ መርፌ ለዚህ ሰው አይሁኑ፤ የመድማት ዕድሉን ይጨምራሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። የተረፈዎት ብር ለመጓጓዣና ለሆስፒታል ቆይታ ይሁን፤ ከየትኛውም መርፌ የበለጠ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

3. ወደሚመረምር ተቋም ይውሰዱት፣ ታሪኩንም በሙሉ ይናገሩ

በቋራ ገለጉ ወይም በአቅራቢያው ከሆኑ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩና የካላዛር ምርመራ መኖሩን በግልጽ ይጠይቁ። ካላዛርን መርምረው ከሚያክሙት መካከል የመተማ ሆስፒታል፣ በምዕራብ አርማጭሆ የአብደራፊ ጤና ጣቢያ፣ ከበድ ላለው ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለው የሊሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ይገኙበታል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ወይም ከዚያ የመጣ ሰው ጠይቀው መድኃኒቱ መኖሩን ያረጋግጡ።

ለሐኪሙ ሊነግሩት የሚገባው፦ በየትኛው ወር የት እርሻ ላይ እንደነበረ፣ ማታ የት ይተኛ እንደነበረ (በዛፍ ሥር፣ በሜዳ፣ በካምፕ)፣ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ ተሻግሮ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ካላዛር ታክሞ እንደሆነ፣ ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ምን ምን እንደወሰደ። ደብተሩን አሳዩ።

በጣት ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ካላዛር ታክሞ በዳነ ሰው ደም ውስጥ ይህ ምርመራ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ እንደገና የታመመ ሰው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ያስፈልገዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ በሽታው እያለ ምርመራው «የለም» የሚልበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ኤች አይ ቪ በደሙ ባለበት ሰው። ምልክቱ ካልጠፋ ሌላ ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው።

የወባ ምርመራም አይቅር። ቋራና መተማ የወባ አገር ስለሆኑ ሁለቱ በሽታዎች ባንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የወባ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ትኩሳቱ ሲመለስ ደግሞ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ ሌላ አንድ ወር መባከኑ ነው። የወባ መድኃኒት በትክክል ወስዶ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው በዚያው ሳምንት ተመልሶ መታየት አለበት።

የኤች አይ ቪ ምርመራ ለካላዛር ታማሚ ሁሉ ይደረጋል። ታማሚው አፍሮ እንዳይሸሽ አስቀድመው ይንገሩት፤ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኤች አይ ቪ ካለበት የሚሰጠው መድኃኒት ይለያል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ሳል ካለ ይጨመራል።

4. አሥራ ሰባቱን ቀን አብረውት ይቆዩ

በአገራችን ኤች አይ ቪ ለሌለበት ታማሚ የተለመደው ሕክምና ሁለት መርፌ ነው፤ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን፣ በየቀኑ ለ17 ቀን። ነፍሰ ጡር፣ ዕድሜው የገፋ ወይም በጣም የተዳከመ ታማሚ አምቢሶም የተባለውን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሊያገኝ ይችላል። ኤች አይ ቪ ላለበት አምቢሶም ሚልቴፎሲን ከተባለ እንክብል ጋር ይሰጣል። ሚልቴፎሲን ፅንስን ስለሚጎዳ በወሊድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በሕክምናውና ከዚያም በኋላ ለአምስት ወር እርግዝና መከላከል አለባት፤ ነርሷ ሳትጠይቃት ብትቀር እንኳ እርስዎ ይጠይቁ። እንክብሉ ከምግብ ጋር ይወሰድ፤ የታማሚው ዓይን ከቀላ ወይም ካመመው ዕለቱኑ ይናገሩ።

ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳቱ ይለቀዋል። «ዳንኩ» ብሎ የሚሄደው ያኔ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህን ቀን ነው። ትኩሳቱ የወረደው ብግነቱ ስለቀነሰ ነው፤ ተውሳኩ ግን በጣፊያው ውስጥ ገና አላለቀም። ተቋርጦ የቀረ ሕክምና በሽታውን ይመልሰዋል፤ የተመለሰ ካላዛር ለማከም ይከብዳል። የእርሻ ባለቤት ወይም አሠሪ «ቶሎ ና» እያለ ከሆነ አስታማሚው እንጂ ታማሚው አይነጋገረው።

መርፌዎቹ ከባድ ናቸውና በየቀኑ እነዚህን ይጠብቁ፦ የሆድ ቁርጠትና የማያቋርጥ ትውከት (ጣፊያ ሳይሆን ቆሽት ሊቆጣ ይችላል)፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ራስ መሳት፣ የጆሮ መጮህና መስማት መቀነስ፣ የሽንት ማነስ፣ የዓይን ቢጫ መሆን። አንዱን ካዩ ቀጣዩ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ለነርስ ይንገሩ። አረቄ፣ ጠላና ቢራ በእነዚህ ቀናት ፈጽሞ አይቅመስ፤ ጉበቱና ቆሽቱ ያለዚያም ተጭነዋል።

ጸበል የሚጠጣ ከሆነ ይጠጣ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ጾም ሲሆን ለንስሐ አባቱ ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታውቅለታለች። ሙስሊም ከሆነም በረመዳን በሽተኛ ፈቃድ አለው። ይህን ቀድሞ መነጋገር በኋላ ከሚመጣ ጭንቀት ያድናል።

5. ምግቡን በዝግታ ይጀምሩ

እናቶች ይህን ደረጃ በጥሞና እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ከፍቅር የተነሳ የሚሠራ ስህተት ያለበት ነውና።

መጀመሪያ ክብደቱን በኪሎ፣ ቁመቱን በሜትር ይውሰዱ። ክብደቱን ለቁመቱ ያካፍሉ፤ የወጣውን ደግሞ እንደገና ለቁመቱ ያካፍሉ። ከ18.5 በታች የሆነ አዋቂ ከስቷል፤ ከ16 በታች የሆነ ግን በከባድ የምግብ እጥረት ውስጥ ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 46 ኪሎ ከመዘነ ቁጥሩ ከ16 ትንሽ ያንሳል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ሕፃን ደግሞ በጤና ኬላው የክንድ ዙሪያ ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አስቸኳይ ነው።

ቁጥሩ ከ16 በታች ለሆነ ወይም ከአሥር ቀን በላይ እህል በአፉ ላልዞረ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ በሐኪም ልክ መሆን አለበት። ምክንያቱ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ነው። ሰው ለሳምንታት ሳይበላ ሲቆይ ኢንሱሊኑ ይወርዳል፤ ሰውነቱም ከስቡና ከጡንቻው ይኖራል። ድንገት ብዙ ገንፎ፣ ብዙ ማር፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም የግሉኮስ ከረጢት ሲገባ ኢንሱሊን ባንዴ ይነሳና ስኳሩን ወደ ህዋሳት ያስገባል። ከስኳሩ ጋር ፖታሲየም፣ ፎስፈረስና ማግኒዥየምም ከደም ተጠራርገው ይገባሉ፤ ስኳሩን ለማቃጠል የሚያስፈልገው ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ያልቃል። ውጤቱ እግር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መዘባረቅ፣ የልብ ምት መዛባት፣ አንዳንዴም ሞት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ይታያል። በልቶ የሞተ ሰው «ምግብ አነቀው» ሲባል የሰሙ ካሉ፣ አንዳንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በሆስፒታል ኤፍ-75 የተባለው ወተት መጀመሪያ፣ ሲረጋጋ ኤፍ-100 ወይም ፕላምፒ ነት የሚሰጠው ለዚህ ነው። ወተቱ ቀጠነ ብለው ከውጭ ሌላ ምግብ አይጨምሩበት። ተቅማጥ ካለውም የተለመደውን የኦ አር ኤስ ዱቄት በራስዎ አይስጡ፤ በጣም ለከሳ ሰው ጨው የተቀነሰበት ሌላ አለ።

ክሳቱ ከባድ ላልሆነ ወይም ያንን ደረጃ ላለፈ ሰው እንዲህ ያድርጉ። በቀን ሦስቴ በትልቅ ሳህን ማቅረቡን ትተው ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ያቅርቡ። ትኩሳቱ የሚወርድበትን ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ጠዋቱን፣ ለዋናው ምግብ ይጠቀሙበት። የማሽላ አጥሚት ወይም ቀጠን ያለ ገንፎ መሠረቱ ይሁን፤ ማሽላው ሳይፈተግ የተፈጨ ቢሆን ታያሚን ይይዛል። በእሱ ላይ አገሩ የሚያበቅለውን ሰሊጥ ይጨምሩ። የተቆላና የተወቀጠ ሰሊጥ ባንድ ጊዜ ቅባት፣ ፕሮቲንና ካልሲየም ያመጣል፤ ትንሽ በልቶ ለሚጠግብ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር ገበያ ሄደው አያገኙም። ሰሊጡን ያጨደው ልጅ ከሰሊጡ ሳይቀምስ ሲቀር ያሳዝነኛል። የተፈላ ወተት፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የምስር ወይም የሽሮ ወጥ፣ የፍየል ሥጋ መረቅ ከነሥጋው፣ ባሚያ፣ ፓፓያና ማንጎ በየተራ ይግቡ። መረቁን ብቻ አጠጥተው ሥጋውን ለጤነኛው አይስጡ፤ ጡንቻ የሚሠራው ፕሮቲን በሥጋው ውስጥ ነው።

ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት አይስጡ። የመከላከያ አቅሙ ወድቋል፤ በወተት የሚመጣ ሌላ ትኩሳት ቢጨመርበት ሐኪሙንም ያሳስታል።

6. ቫይታሚንና ብረት ተራቸው ሲደርስ

ቫይታሚን በብዛት ቢሰጥ ከባድ ሕመም ይድናል የሚለው ተስፋ በዚህ አገር ብቻ ያለ አይደለም፤ በሌላውም ዓለም ተሞክሯል። በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ቫይታሚን ዲ ለጎደላቸው ጽኑ ሕሙማን 540,000 ዩኒት ባንድ ጊዜ ተሰጥቶ ሞትን አልቀነሰም። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የካናዳ ሐኪሞች የመሩት ጥናት ደግሞ ደማቸው ለተመረዘ ሕሙማን ከፍተኛ ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ሲሰጥ የሞትና የአካል ክፍሎች መድከም አደጋው ካልተሰጣቸው ይልቅ መብለጡን አሳየ። ጉድለትን መሙላት ያስፈልጋል፤ ከጉድለት በላይ ማፍሰስ ግን ሕክምና አይሆንም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ብግነት ባለበት ጊዜ የአንዳንድ ቫይታሚኖች መጠን በደም ውስጥ ቀንሶ ይታያል። ቫይታሚን ኤን ከጉበት ተሸክሞ የሚያወጣው ፕሮቲን በብግነት ጊዜ ስለሚያንስ፣ ጉበት ውስጥ ቫይታሚኑ እያለ ደም ውስጥ የሌለ ይመስላል። ስለዚህ ቫይታሚን ኤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጥ፤ አንዴ በጤና ተቋም ከወሰደ ከፋርማሲ ሌላ አይድገሙት። ለነፍሰ ጡር ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኤ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ቫይታሚን ዲን በተመለከተ፣ ካላዛርን ይፈውሳል የሚል ማስረጃ የለም፤ ከተኛበት ቤት ጠዋት ወጥቶ ጥቂት ፀሐይ መሞቁ ግን ለታማሚው መልካም ነው።

ብረት ላይ ልቆይ፤ ገርጥቶ ያዩት ሁሉ «ደም የሚሞላ ክኒን» ይመክራልና። ብግነት ሲነሳ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሄፕሲዲን ሌባ መንደር የገባ ዕለት ባለቤቱ ጎተራውን እንደሚቆልፈው ብረቱን በመጋዘኑ ይቆልፋል፤ ከአንጀትም አዲስ ብረት እንዳይገባ ይዘጋል፤ ተውሳኮችና ባክቴሪያዎች ብረት ስለሚፈልጉ ነው። በዚህ ሰዓት የሚዋጥ የብረት ክኒን በአብዛኛው በሰገራ ይወጣል፤ ሆድም ያውካል። በከባድ የምግብ እጥረት ላይ ላለ ታማሚ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብረት መስጠት ሊጎዳው ይችላል። ትኩሳቱ ከለቀቀ፣ የምግብ ፍላጎቱ ከተመለሰና ክብደት መጨመር ከጀመረ በኋላ፣ ሐኪሙ ካዘዘ ብረቱ ያኔ ይጀመር። ደሙ እጅግ ወርዶ ትንፋሽ ካጠረው የሚያስፈልገው ደም መውሰድ ነው፤ ደም የሚለግሱ ዘመዶች አስቀድመው ይዘጋጁ።

7. ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት ስድስት ወራት

ጣፊያው ወዲያው አይመለስም፤ ለወራት እየቀነሰ ይሄዳል። በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑት፣ በዚያው ደብተር ይጻፉ። መጀመሪያ የሚመለሰው ምግብ ፍላጎት ነው፣ ቀጥሎ ክብደት፣ በመጨረሻ ጉልበት።

ሳይነገር የሚቀር አንድ ነገር አለ። ሰውነት በከባድ ሕመም ጊዜ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል የመራቢያ ሆርሞኖችን ያወርዳል። ሴቷ ወር አበባዋ ሊቀር ይችላል፤ ወንዱ ስሜቱ ይጠፋል፤ ያፍራል፣ ዝም ይላል። የታይሮይድ ሆርሞንም ስለሚቀንስ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይፈዛል። ይህ ሁሉ ክብደቱ ሲመለስ አብሮ የሚመለስ ነው። ለዚህ ተብሎ የሆርሞን መርፌ ወይም «የወንድነት» ክኒን አይገዛም። የቀረው ወር አበባ እርግዝና እንዳይሆን ግን መመርመር ያስፈልጋል።

ትኩሳቱ ቢመለስ፣ ጣፊያው እንደገና ቢያብጥ፣ ክብደቱ ለአንድ ወር ባለበት ቢቆም ወይም ቢወርድ ወደታከመበት ይመልሱት፤ ካርዱን አይጣሉ። ከመዳኑ በኋላ ባሉት ወራት ፊቱ ላይ ጀምሮ ወደ ደረትና ክንድ የሚወርድ፣ የማያሳክክ ሽፍታ ወይም ነጣ ነጣ ያለ ምልክት ሊወጣ ይችላል። ቅባትና ክሬም መቀባቱን ትተው ያሳዩት፤ ከካላዛር በኋላ የሚመጣ የቆዳ ሕመም ሊሆን ይችላል። ተውሳኩ በዚያ ቆዳ ውስጥ ስለሚቆይ የአሸዋ ዝንብ ወደ ሌላ ሰው ልትወስደው ትችላለች።

ለሚቀጥለው አረም መውረዱ የማይቀር ከሆነ ቢያንስ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ቤት እንዲቆይ ይለምኑት። ሲሄድም በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ይያዝ፤ ቀዳዳው ጠባብ የሆነውን ይምረጡ፤ የአሸዋ ዝንብ በሰፊው ታልፋለች። አልጋ ከሌለ ቆጥ ሠርቶ ከመሬት ከፍ ብሎ ይተኛ። ከዛፍ ሥርና ከተሰነጠቀ ዋልካ ይራቅ። ከመሸ በኋላ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ይልበስ፤ በዚያ ሙቀት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ዝንቧ የምትነክሰው በዚያ ሰዓት ነው። ካምፑ ውስጥ ሌላ ሰው ሁለት ሳምንት ትኩሳት ይዞት ካየ ደግሞ የት እንደታከመና ምን ምርመራ እንደሚጠየቅ እሱ ራሱ ይንገረው።